የጀርባ ቦርሳ አዝሎ ከድሬዳዋ ወደ አውሮፓ፦ ለተመራቂ ጓደኛሞች ዝርዝር መመሪያ

የምረቃው ጋዋን ከወለቀ በኋላ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ «አውሮፓን ዞረን እንምጣ» ማለት የማያጓጓው ወጣት ጥቂት ነው። ይቻላል። ጉዞው የሚሰምረው ወይም የሚከሽፈው ግን ሮም ሲደረስ ሳይሆን ገና ድሬዳዋ እያላችሁ ነው። ለኤምባሲ የምታቀርቡት ፋይል ኑሯችሁን በእውነት ማሳየት አለበት፤ በመካከላችሁም ስለ ገንዘብ አስቀድማችሁ መነጋገር አለባችሁ። ከዚህ መመሪያ አብዛኛው ስለ ዝግጅት የሆነው ለዚህ ነው።

ምሳሌ የማደርገው አራት ጓደኛሞች ለሃያ ሌሊት በጣሊያን፣ በኦስትሪያ፣ በጀርመንና በፈረንሳይ የሚያደርጉትን ጉዞ ነው። ቁጥሩንና አገሩን እንደ አቅማችሁ ለውጡ፤ ቅደም ተከተሉን ግን ጠብቁ።

አንደኛ፦ ከማን ጋር እንደምትሄዱ ወስኑ

አራት ሰው ጥሩ ቁጥር ነው። በሆስቴሎች (አልጋ በጋራ ክፍል በሚከራይባቸው ርካሽ ማደሪያዎች) ባለ አራት አልጋ ክፍል በቀላሉ ይገኛል፤ ሁለት ሁለት ሆኖ መለያየትም ይቻላል። ስምንት ከሆናችሁ ግማሹ ቀን እርስ በርስ በመጠባበቅ ያልቃል።

አንድ ቅዳሜ ተሰብሰቡና ሦስት ጥያቄ ተጠያየቁ። እያንዳንዱ ምን ያህል ማውጣት ይችላል? ምን ማየት ይፈልጋል? ተመልሶ ይመጣል ወይ? የመጀመሪያው ጥያቄ ያሳፍራል፤ ቢሆንም በግልጽ ይነገር። የአንዱ አቅም ከሌሎቹ ካነሰ ጉዞው በእሱ አቅም ይታቀድ ወይም ሌሎቹ እንደሚያግዙት ከአሁኑ ይወሰን። በሦስተኛው ቀን ፍሎረንስ ውስጥ ምግብ ቤት በር ላይ ቆሞ «እኔ አልራበኝም» የሚል ጓደኛ እንዲኖር ማድረግ ጭካኔ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። በልቡ እዚያው ለመቅረት ያሰበ ሰው ካለ ከቡድኑ ጋር አብሮ እንዳያመለክት በፍቅር ንገሩት። ምክንያቱ ሥነ ምግባር ብቻ አይደለም። አብራችሁ አመልክታችሁ፣ በአንድ የሆቴል ማስያዣና በአንድ የጉዞ ዕቅድ ገብታችሁ አንዱ ሲጠፋ ጥያቄው ለሦስታችሁ ይተርፋል። ለሦስት ሳምንት ጉብኝት የሚሰጥ ቪዛ ደግሞ የሥራ ፈቃድ አይሆንም፤ ያለ ወረቀት የሚኖረው ኑሮም ከድሬዳዋ ሆነው እንደሚያስቡት አይደለም።

ሁለተኛ፦ ጊዜውን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሩ

በሐምሌ ተመርቆ በነሐሴ መሄድ አጓጊ ቢሆንም አልመክረውም። ሥራ የሌለው፣ የባንክ ደብተሩ ባዶ የሆነ፣ ቀደም ብሎ ወደ ውጭ ወጥቶ የማያውቅ ተመራቂ ቪዛ ለመከልከል የተመቻቸ አመልካች ነው። በዚያ ላይ ሐምሌና ነሐሴ በአውሮፓ ሙቀቱም፣ ሕዝቡም፣ ዋጋውም የሚበረታበት ወቅት ነው።

የሚሻለው ከምረቃ በኋላ ሥራ ይዞ ወይም በቤተሰብ ንግድ ውስጥ በይፋ ተቀጥሮ ከፋሲካ ማግስት፣ በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት መሄድ ነው። ጿሚዎቹ ጾሙን ፈትተዋል፤ አየሩ ለስላሳ ነው፤ የመኝታ ዋጋውም ገና ጣሪያ አልነካም። በቡድኑ ውስጥ ሙስሊም ጓደኞች ካሉ የረመዳንንና የዒድን ቀን ከቀን መቁጠሪያው ጋር አስተያዩት።

የሸንገን ቪዛ (በአንድ ቪዛ ብዙ የአውሮፓ አገሮችን የሚያስገባው) ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይቀርባል። ለአብዛኛው ዓለም መደበኛው የውሳኔ ጊዜ 15 ቀን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ግን በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች ጊዜው ወደ 45 ቀን እንዲራዘም ወሰነ። በዚያው ውሳኔ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ለኢትዮጵያውያን እንዳይሰጥና የሚጠየቀው ሰነድም እንዳይቀነስ ተደነገገ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ በሌላ አገር ሰው ልምድ ያቅዳል። እናንተ በግንቦት ለመሄድ ካሰባችሁ ቀጠሮውን በጥር ያዙ፤ ፋይሉን በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት መጀመሪያ አስገቡ።

ፓስፖርት የሌላችሁ ከምረቃው በፊት ጀምሩ። ካርታችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ፦ ፓስፖርቱ ባለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ የተሰጠ፣ ከሸንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። በዲግሪው፣ በልደት ምስክር ወረቀቱና በፓስፖርቱ ላይ ያለው የስም አጻጻፍ አንድ መሆኑንም እዩ። አንዲት ፊደል ስትለያይ የምታስከትለው መመላለስ አያልቅም።

ሦስተኛ፦ ዕቁቡን ለጉዞው አስተካክሉት

እኔ የምጠቀምበት ግምት ይህ ነው። ሆስቴል ውስጥ እያደሩ፣ ቁርስና እራትን ከሱፐርማርኬት እየገዙ፣ ምሳን ብቻ ውጭ እየበሉ በቀን በነፍስ ወከፍ 65 ዩሮ ያዙ። ለሃያ ቀን 1,300 ዩሮ ይሆናል። ለከተማ አቋራጭ ባቡሮች 250 ዩሮ ጨምሩ። የቪዛ ክፍያው 90 ዩሮ ሲሆን የማመልከቻ ማዕከሉ የአገልግሎት ክፍያ ለብቻው ነው፤ ቪዛ ቢከለከልም አይመለስም። የአውሮፕላን ትኬትና ኢንሹራንስ ከዚህ ውጭ ናቸው። ሂሳቡን ሁልጊዜ በዩሮ ያዙ። የብር ምንዛሬ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ የሚወሰን በመሆኑ በመስከረም ያሰላችሁት ብር በሚያዝያ ያንኑ ዩሮ አይገዛም። ከአሥር አንድ ያህል ትርፍ አስቀምጡ።

ገንዘብ ለማጠራቀም እኛ ጋ ዕቁብን የሚያህል የለም። ለቪዛ ግን አንድ ችግር አለበት። ኤምባሲው የሚያየው የመጨረሻዎቹን ወራት የባንክ እንቅስቃሴ ነው። ወሩን ሙሉ ጸጥ ብሎ የቆየ ሂሳብ ማመልከቻ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው የዕቁብ እጣ በአንድ ጊዜ ቢገባበት ገንዘቡ ከሰው የተበደራችሁት ይመስላል። ስለዚህ ዕጣ የሚወጣበትን ዕቁብ ተዉትና ቅርጹን ለውጡ። በየወሩ በተወሰነ ቀን ትሰበሰባላችሁ፤ እያንዳንዱ በዚያን ቀን በራሱ ስም በተከፈተ ሂሳብ የተስማማችሁበትን ገንዘብ ያስገባል፤ ደረሰኙን ለሁሉም ያሳያል። ዳኛ ምረጡ፤ ያላስገባ ይቀጣ፤ ቅጣቱ ወደ ጋራ ኪስ፣ ማለትም ለጉዞው የጋራ ወጪ ወደሚሆነው ገንዘብ ይግባ። ከነሐሴ እስከ ጥር እንዲህ ካደረጋችሁ ስድስት ወር ሙሉ በየወሩ የሚያድግ ሂሳብ ይኖራችኋል። እጣ ቀደም ብሎ የደረሳችሁ ካላችሁ የገንዘቡን ምንጭ የሚያስረዳ አጭር ደብዳቤ ከፋይሉ ጋር አያይዙ። እውነቱን መጻፍ አያስከለክልም፤ የሚያስከለክለው ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ ነው።

የውጭ ምንዛሬ ባንኮች የሚሸጡት ቪዛ የተመታበትን ፓስፖርትና የአውሮፕላን ትኬት አይተው ነው። ለዩሮ ብላችሁ ጥቁር ገበያ አትግቡ፤ ሐሰተኛ ኖት ይዞ ሮም ላይ መገኘት የጉዞው መጨረሻ ነው።

አራተኛ፦ መንገዱን አውጡ፣ ኤምባሲውን እሱ ይምረጥላችሁ

የሸንገን አካባቢ 29 አገሮች አሉት። እንግሊዝና አየርላንድ የሉበትም፤ ሰርቢያና አልባኒያም እንዲሁ። ቪዛችሁ የአንድ ጊዜ መግቢያ ስለሚሆን ለሁለት ቀን ለንደን ደርሶ ወደ ፓሪስ መመለስ አይታሰብም። አንዴ ከወጣችሁ ወጣችሁ።

የምታመለክቱት ብዙ ሌሊት ለምታድሩበት አገር ነው። ሌሊቱ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለምትገቡበት። ኤምባሲ «ይቀላል» በሚል ወሬ አገር መርጦ ሌላ አገር መሰንበት በድንበር ላይ ያስጠይቃል። የእኔ ዕቅድ እንዲህ ነው፦ ሮም አምስት ሌሊት፣ ፍሎረንስ ሦስት፣ ቬኒስ ሁለት፣ ወደ ቪየና በሌሊት ባቡር አንድ፣ ቪየና ሦስት፣ ሙኒክ ሁለት፣ ፓሪስ አራት። ጣሊያን አሥር ስላላት ማመልከቻው ለጣሊያን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ሮምም ወደ ፓሪስም ስለሚበር በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት ይቻላል፤ ወደ መነሻ ለመመለስ የሚባክነው ቀንና የባቡር ዋጋ ይቀራል።

ሮምን የማስቀድመው በቪዛው ምክንያት ብቻ አይደለም። ከተማዋ የእኛም ታሪክ አለባት። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ከቴርሚኒ ስትወጡ የምትረግጡት አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል፤ ስሙ በጥር 1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ብዙ አበሻ እዚያ ቆሞ አውቶቡስ ይጠብቃል፤ የት እንደቆመ ግን አያውቅም። ከዚያ ወደ ኮሎሲየም ውረዱ። ከጎኑ ያለው የቆስጠንጢኖስ ቅስት አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶን ድሉን የጨረሰበት ቦታ ነው። ጥቂት አልፋችሁ ፖርታ ካፔና የሚባለውን አደባባይ ታገኛላችሁ። በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ለአሥርተ ዓመታት የቆመው እዚያ ነበር፤ አበበም በዚያች ሌሊት በአጠገቡ ሮጦ አልፏል። ይህን ሁሉ በእግር ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ከውጭ ለማየት የሚከፈልበትም የለም።

ከፓሪሱ ቀናት አንዱን ለሻርልቪል መዚየር ስጡ። ከምሥራቅ ጣቢያ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። ሐረር ጀጎል ውስጥ «ራምቦ ቤት» ብለን የምንጠራው ቤት ስሙን ያገኘበት ፈረንሳዊ ገጣሚና ነጋዴ የተወለደው እዚያ ነው፤ በሜዝ ወንዝ ላይ ባለ አሮጌ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሙዚየም አለው። ከተማዋም የሐረር እህት ከተማ ናት። ከሐረር የመጣ ወጣት በዚያ ሙዚየም የከተማውን ስም ሲያነብ የሚሰማው ነገር ከኤፍል ታወር ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

አምስተኛ፦ ፋይሉ

የቪዛ ማመልከቻው አዲስ አበባ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታመለክቱ አሻራ ስለምትሰጡ በአካል መቅረብ አለባችሁ። ቀጠሮውን አራታችሁም በአንድ ቀን ያዙ።

የሚያስፈልገው ዝርዝር በየኤምባሲው ቢለያይም ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦ የተሞላ ፎርም፣ ፎቶ፣ ፓስፖርት፣ የስድስት ወር የባንክ እንቅስቃሴ፣ የየሌሊቱ ማደሪያ ማስያዣ፣ የአውሮፕላን ማስያዣ፣ የቀን በቀን የጉዞ ዕቅድ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና በመላው ሸንገን የሚሠራ የጉዞ ኢንሹራንስ። ማደሪያውን ያለ ቅጣት መሰረዝ በሚቻልበት መንገድ ያዙ፤ የአውሮፕላን ትኬቱንም ቪዛው ሳይወጣ አትግዙ።

ዋናው ጉዳይ ተመልሳችሁ እንደምትመጡ ማሳየት ነው። ሥራ ያለው የቅጥር ደብዳቤ፣ የደመወዝ ማረጋገጫና ቀኑ የተጻፈበት የእረፍት ፈቃድ ያቅርብ። ደብዳቤው «መልካም ሠራተኛ ነው» ከሚል ይልቅ በየትኛው ቀን ወደ ሥራ እንደሚመለስ ቢገልጽ ይጠቅማል። ቤተሰብ የሚከፍልለት የወላጁን የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ማረጋገጫ፣ የባንክ እንቅስቃሴና ዝምድናውን የሚያሳይ የልደት ምስክር ወረቀት ያያይዝ። አባቱ ከፊራ ገበያ ሱቅ ያለው ልጅ ያንን ሱቅ በወረቀት ካላሳየ ለኤምባሲው ሱቁ የለም። ሁለተኛ ዲግሪ የሚጀምር የመቀበያ ደብዳቤውን ያስገባ። በአማርኛ ያለ ሰነድ ፈቃድ ባለው የትርጉም ቤት ይተርጎም።

ጓደኛ ከጓደኛ አይገልብጥ። አራት ፋይል አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይዞ ሲቀርብ አራቱም ይጠረጠራሉ። የጉዞ ዕቅዱ አንድ ይሁን፤ ስለ ራሳችሁ የምትጽፉትን ግን እያንዳንዳችሁ በራሳችሁ ቃል ጻፉ። የሐሰት የባንክ ወረቀት የሚሸጥላችሁን ደላላም አትስሙ፤ አንዴ ከተያዘ ለዓመታት ይከተላችኋል። አንዱ ቢከለከል ምን እንደምታደርጉም ከወዲሁ ተስማሙ። እኔ ቢሆን ሌሎቹ ይሂዱ፤ የቀረውም ከጋራ ኪስ ያዋጣውን ይውሰድ ባይ ነኝ።

ስድስተኛ፦ ቦርሳውን ሐረር ላይ ፈትኑት

40 ሊትር የሚይዝ፣ ወገብ ላይ የሚታሰር ቦርሳ ይበቃል። ከነዕቃው ከዘጠኝ ኪሎ አይለፍ። ሦስት ቲሸርት፣ ሁለት ሱሪ፣ አንድ ሹራብ፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ የለመዳችሁት ጫማ፣ ለሆስቴል ሳጥን የሚሆን ቁልፍ። የድሬ ልጅ ብርድን ይንቃል፤ ቪየና በግንቦት ምሽት ጃኬት ያስለብሳል። የእኛ ባለ ሁለት ክብ እግር ቻርጀር በአብዛኛው ቦታ ስለሚሠራ ለመቀየሪያ ገንዘብ አታውጡ።

ከዚያ ለአንድ ሌሊት ሐረር ሂዱ። ቦርሳውን ሞልታችሁ፣ በደንገጎ ዳገት በሚኒባስ ወጥታችሁ፣ ሐረር ላይ ወርዳችሁ በጀጎል ጠባብ መንገዶች ከነሸክሙ ግማሽ ቀን ተመላለሱ። ድንጋይ የተነጠፈበት ቁልቁለት ከፍሎረንስና ከቬኒስ መንገድ ጋር ይመሳሰላል፤ የሚቆርጥ ማንገቻና የሚልጥ ጫማ በሁለት ሰዓት ውስጥ ራሱን ያጋልጣል። ርካሽ ክፍል ይዛችሁ አራታችሁም በአንድ እደሩ። የጋራ ገንዘቡን አንድ ሰው ይያዝ። ማን እንደሚያንኮራፋ፣ ማን ጠዋት እንደማይነሳ፣ ማን ሲርበው እንደሚቆጣ ያን ጊዜ ይታወቃል።

እግረ መንገዳችሁን መኪና ግርግር ወደሚባለው የጀጎል የልብስ ሰፊዎች መንገድ ጎራ በሉ። ከልብስ ሰፊዎቹ አንዱን ሱሪያችሁ ውስጥ፣ ከቀበቶው በታች ኪስ እንዲሰፋላችሁ ጠይቁት። ፓስፖርቱ ሳይታጠፍ እንዲገባ ለክቶ፣ አፉን በዚፕ ዘግቶ፣ ጨርቁን ከሱሪው ቀለም ጋር አመሳስሎ እዚያው እየጠበቃችሁት ይሰጣችኋል። በሮም አውቶቡሶችና በፓሪስ ሜትሮ ኪስ አውላቂ ብዙ ነው፤ ያ ኪስ ከማንኛውም ከውጭ ከተገዛ የወገብ ቦርሳ ይሻላል።

ስንቅን በተመለከተ ጥብቅ ሁኑ። በሶ፣ ቆሎ፣ በርበሬ፣ ቅቤ ያልነካው ሽሮና የተቆላ የሐረር ቡና ያዙ። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ወደ አውሮፓ ኅብረት በመንገደኛ እጅ ማስገባት ክልክል ስለሆነ ቋንጣና ቅቤ ይቅር። ጫት በጣሊያን፣ በጀርመንና በፈረንሳይ ሕገ ወጥ ዕፅ ነው። «ለአጎቴ ልጅ አድርሱልኝ» ተብሎ የተሰጠ አንድ ዙርባም ቢሆን፣ የደረቀም ቢሆን፣ እስር ያመጣል። የሰው አደራ ከፍታችሁ ሳታዩ አትቀበሉ፤ ዘመድ ቢቀየም ይቀየም።

ሰባተኛ፦ መንገድ ላይ

ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በባቡር፣ በአውቶቡስ ወይም በአውሮፕላን ትደርሳላችሁ፤ ከዓለም አቀፉ በረራ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 ጀምሮ የሸንገን ድንበር መግቢያና መውጫችሁን በኤሌክትሮኒክ ሥርዓት መመዝገብ ስለጀመረ የቆያችሁበት ቀን በትክክል ይታወቃል። የድንበር ፖሊሱ ሲጠይቃችሁ የሆስቴሉንና የመመለሻውን ወረቀት በእጃችሁ አድርጉ።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። የስልኮቻችሁን ሰዓት በሙሉ ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር ቀይሩና በእኛ አቆጣጠር ማውራት እስክትመለሱ ተዉት። የ07፡15 ባቡር በእኛ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው፤ «ሰባት ሰዓት ከሩብ» ብሎ የተኛ ሰው ባቡሩንም ገንዘቡንም ያጣል። በግንቦት የእነሱ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ይዘገያል።

የፈጣን ባቡር ትኬት ቀደም ሲባል ይረክሳል፤ ቪዛው እንደወጣ ግዙ። በጣሊያን የአካባቢ ባቡር የወረቀት ትኬት ከመሳፈር በፊት በጣቢያው ማሽን መመታት አለበት፤ ያልተመታ ትኬት እንደሌለ ተቆጥሮ ያስቀጣል። ሁሉን አቀፍ የባቡር ፓስ መግዛት ከፈለጋችሁ ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖሩ የሚሸጠው ዩሬይል ነው፤ እስከ 27 ዓመት ላሉ ቅናሽ አለው። እንዲህ ላለ ስድስት ከተማ ብቻ ለሚነካ መንገድ ግን ነጠላ ትኬት ይሻላል እላለሁ።

ምግብ ለእኛ ቡድን አያስቸግርም። ሙስሊሞቹ በሙኒክና በቪየና የቱርክ ምግብ ቤቶችን ይፈልጉ፤ ሐላል መሆኑን ጠይቁ እንጂ አትገምቱ። ጉዞው ከበዓለ ሃምሳ ውጭ ከዋለ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም «ቪጋን» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ይግዛ፤ ወተትም ቅቤም የለበትም። በጣሊያን ማኪያቶ ቆሞ መጠጣት ተቀምጦ ከመጠጣት ይረክሳል። በሮም መንገድ ዳር ያሉት የውኃ ቧንቧዎች ይጠጣሉ፤ ጠርሙስ ያዙ። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ የጣሊያን መንግሥት ሙዚየሞች መግቢያ ነፃ ነው።

የጋራ ኪሱ እንዲህ ይሁን። በየሦስት ቀኑ እያንዳንዱ እኩል ያዋጣል፤ ከእሱ ማደሪያ፣ የከተማ ትራንስፖርትና የሱፐርማርኬት ምግብ ይከፈላል። ገንዘብ ያዡ በየከተማው ይቀየር፤ ወጪው በየምሽቱ ከመኝታ በፊት ይጻፍ። የግል ግዢ ከዚህ አይነካም። ጥሬ ገንዘቡን በአራት ሰው ከፋፍላችሁ ያዙ። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላም ተለያዩ፤ ሃያ ቀን ሙሉ ሳይለያይ የሚፋቀር ሰው አላየሁም።

ስምንተኛ፦ ችግር ሲገጥም

በመላው አውሮፓ ኅብረት የድንገተኛ ጥሪ 112 ነው። ከታመማችሁ በኢንሹራንሱ ወረቀት ላይ ወዳለው ቁጥር ከመታከም በፊት ደውሉ። ፓስፖርት ከጠፋ መጀመሪያ ለፖሊስ አመልክታችሁ ማስረጃ ውሰዱ፤ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ ሂዱና የመመለሻ ሰነድ ጠይቁ። ሮም፣ በርሊንና ፓሪስ ኤምባሲ አለን። የፓስፖርቱን፣ የቪዛውንና የኢንሹራንሱን ፎቶ ኮፒ እያንዳንዱ የጓደኛውንም ጭምር ይያዝ፤ አንድ ቅጂ ድሬዳዋ ቤተሰብ ዘንድ ይቅር።

ከተመለሳችሁ በኋላ የመሳፈሪያ ወረቀታችሁን፣ የሆስቴል ደረሰኞቹንና የባቡር ትኬቶቹን በአንድ ፖስታ አስቀምጡ። በቀጣዩ ማመልከቻ በቀኑ መመለሳችሁን የሚያሳዩ ማስረጃዎች ናቸው። ከጋራ ኪሱ የተረፈውን ዩሮም አዲስ አበባ ሳትለያዩ ተካፈሉ።